ሐረር ላይ ርካሽ አልጋ፦ ጀጎል ውስጥ ወይስ ከግንቡ ውጭ?

ባቡር ናፋቂ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ሐረርን ልናይ አስበናል። ሁለታችንም ሄደን አናውቅም። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ እሷ 21። ከለቡ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐረር። ከታኅሣሥ 17 እስከ 21 የዓመት ፈቃድ ሞልቻለሁ።

የተቸገርነው አልጋው ላይ ነው። ትልቅ ሆቴል አንፈልግም፣ አቅሙም የለንም። ለሁለታችን በቀን ከ1500 ብር ባይበልጥ ደስ ይለናል። የሻንጣ ጣጣ የለብንም፤ እያንዳንዳችን አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው የምንይዘው።

ሦስት ነገር አስበናል። አንደኛው ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉት የአደሬ (የሐረሪ) ቤቶች ናቸው። ፎቶአቸው ልብ ይሰርቃል፤ ግድግዳው ሁሉ ሰፌድ ነው። ግን ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም የጋራ ነው አሉኝ። ሁለተኛው ሸዋ በር አካባቢ ፔንሲዮን፣ ሻወሩ ክፍሉ ውስጥ ያለ። ሦስተኛው ድሬዳዋ እያደሩ ሐረር ደርሶ መልስ።

እህቴ የአደሬውን ቤት ካልሆነ አልሄድም ብላለች። እናታችን ደግሞ «የማታውቁት ሰው ቤት ልታድሩ?» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋናለች። የሄዳችሁበት ሰዎች፣ እንዴት ነው የመረጣችሁት?

ሞቃት ይሻላል

ድሬ እደሩ። ሐረር ውሃ የለም። አለቀ።

የመለዋወጫው ሰው

እህቴ፣ አልጋውን ተዪውና መጀመሪያ ካላንደር አውጪ። ታኅሣሥ 19 ምንድን ነው? ቁልቢ ገብርኤል!

ያን ሰሞን ሕዝቡ ከአዲስ አበባ ብቻ አይደለም የሚተመው፣ ከየአገሩ ነው። ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ ይጠፋል። የተገኘውም ዋጋው የሌላ አገር ዋጋ ይሆናል። እኔ አንድ ዓመት ሳላስበው በ18 ማታ ሐረር ገባሁ። ያደርኩት ደንበኛዬ ሱቅ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ነው። ቀልድ አይደለም። አራት የአይሱዙ ጎማ፣ ላዩ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ እኔ። ስለዚህ ለንግሡ ከሆነ የምትሄዱት እሰየው፣ ይቅናችሁ። ሐረርን ለማየት ከሆነ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ፣ ወይ ገናን አሳልፉ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ሐምሌ 19ም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ አልጋው። የመኪና መለዋወጫ እያዞርኩ ስሸጥ ስድስት ዓመት ሐረር ተመላልሻለሁ። አበሌ ቁርጥ ነበር። አልጋ ላይ የቆጠብኳት ኪሴ ትገባለች። ስለዚህ ያልተኛሁበት ርካሽ አልጋ የለም ማለት ይቻላል። በፎቶ መርጬ ያተረፍኩት ነገር ግን የለም። ፎቶ ላይ ሁሉም ክፍል ሰፊ ነው፤ ፎጣው ሁሉ በወፍ ቅርጽ ታጥፎ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ስትደርሺ ወፏ በራለች።

ሐረር ላይ አልጋ የሚመረጠው በውሃ ነው። የከተማው ውሃ የቆየ ጣጣ ነው። ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ያን ሁሉ አቀበት በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ሲመጣ በፈረቃ ነው። ሞቃት ይሻላል «የለም» ያለው ግን አጋኖታል። ውሃ ያጠራቀመ ቤት አለ፣ ያላጠራቀመ ቤት አለ። ምርጫሽ እዚህ ላይ ነው።

እና «ውሃ አለ?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። «ውሃ የመጣው መቼ ነው?» በዪ። «ትናንት ማታ» ካለሽ ጥሩ። ጣሪያ ጣሪያ እያየ ማሰብ ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ሮቶው የት እንዳለ ጠይቂና በዓይንሽ እይው። አንኳኪው። እኔ ሳላፍር አንኳኩቻለሁ። ባዶ ሮቶ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው፣ የሞላው ድምፁ ድፍን ነው።

ይህን ካወቅሽ «ሻወር ያለው ክፍል» የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይቀየራል። ለሻወሩ ብለሽ ጨምረሽ ከፍለሽ፣ መጨረሻ ላይ በጀሪካንና በጣሳ ነው የምትታጠቢው። ጀጎል ውስጥ ያለው የጋራ መታጠቢያም ያው ጀሪካን ነው። ልዩነቱ እዚያ የቤቱ እመቤት ውሃውን አሙቃ ታመጣልሻለች።

ሁለተኛው ጫጫታ ነው። ከግንቡ ውጭ ያሉ ብዙ ፔንሲዮኖች ምድር ቤታቸው ግሮሰሪ ነው። አንዱ ጋ፣ ስሙን ልተወው፣ ክፍሌ ልክ ከስፒከሩ በላይ ነበር። አልጋው ራሱ ይጨፍራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወርጄ እባካችሁ ብል አስተናጋጁ «አቦ አንተም ጠጣ!» አለኝ። ምን ልበል፣ ጠጣሁ። ስለዚህ ክፍል ስትጠይቂ የመንገዱን በኩል ሳይሆን የጓሮውን፣ ከላይኛው ፎቅ ያለውን በዪ።

ትኋንን ደግሞ በአፍንጫ ሳይሆን በስልክ ነው የምታገኚው። መብራቱን አብሪና የፍራሹን ስፌት፣ በተለይ በራስጌ በኩል ያለውን ጥግ እይ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ውጪ። «ቡና ፈሶበት ነው» ይሉሻል። ቡና እንደዚያ በመስመር አይፈስም።

አሁን ዋናው። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፣ ቀኑን አረጋግጪ። ጠዋት ተነስቶ ድሬ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። እስከ መናኸሪያ ትሄዳላችሁ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ደንገጎን ወጥታችሁ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጋችሁ ሐረር። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ደክሟችሁ፣ መሽቶ ነው የምትገቡት። በዚያ ሰዓት ጀጎል ውስጥ ቤት መፈለግ አይሞከርም። ግንቡ ውስጥ ከ300 በላይ ቀጫጭን መንገድ አለ። አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ከመናኸሪያው ብዙ ሳትርቁ ሸዋ በር አካባቢ ፔንሲዮን እደሩ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ከፍላችሁ። በነጋታው ቁርስ በልታችሁ፣ ቦርሳችሁን እዚያው ትታችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ጀጎል ግቡ። ሦስት አራት ቤት እዩ። ቦርሳ የተሸከመ ሰው አይመርጥም፣ ያገኘው ላይ ይወድቃል። ባለቤቱም ያውቃል፤ ቦርሳሽን አይቶ ነው ዋጋ የሚነግርሽ።

ልጆች ይከተሏችኋል። «ቤት ላሳያችሁ» የሚል ሰው ይዛችሁ ከገባችሁ የእሱ ኮሚሽን እናንተ ሒሳብ ላይ ነው የሚደመረው። ብቻችሁን አንኳኩ።

ድሬ ደርሶ መልሱን እርሺው። የሐረር ደስታው ጠዋትና ማታ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ልክ የተዘጋውን አይቶ ይመለሳል።

የጌይ ልጅ

የመለዋወጫው ሰው ደህና ተናግሯል፤ ግን ጀጎልን እንደ እንግዳ ነው የሚያውቀው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ኤረር በር ነው፣ አሁን አዳማ ነኝ። አክስቴ እንግዳ ታሳድራለች። የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ።

ባቡር ናፋቂ፣ እናትሽ «የማታውቁት ሰው ቤት» ያለችው ትክክል ነው። ቤት ነው፣ ሆቴል አይደለም። ከዚያ ተነስተሽ ካሰብሽው ብዙው ነገር ይገባሻል።

ስትገቢ ጫማ ታወልቂያለሽ። ፊት ለፊት የምታዪው ትልቁ ክፍል ጊድር ጋር ይባላል። ወለሉ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ መቀመጫ ነው፣ ነደባ እንለዋለን። አምስት ነደባ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ሰው አለው። አሚር ነደባ ላይ የቤቱ ጌታ ነው የሚቀመጠው። ገብቲ ኤሄር ከበሩ ኋላ ያለው ነው። እንግዳ ስለሆንሽ ማንም አይቆጣሽም፣ ግን ዘለሽ አሚር ነደባ ላይ ቦርሳሽን አትወርውሪ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካየሽ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። አክስቴ ቤት ሦስቱም ልጆች አግብተዋል፤ ምንጣፉ ግን ለቱሪስቱ ሲባል አልወረደም።

መኝታው ወይ ፎቁ ላይ ነው፣ ቆጢ ቃላ፣ ወይ ኪርታት ነው። ኪርታት ድሮ ሙሽሮች የሚገቡባት ትንሽ ክፍል ናት። ለሁለት እህትማማች ኪርታት በቂ ነው፣ ይሞቃልም። ፎቁ ሰፊ ነው፤ ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ሌሊት ሽንት ቤት ለመውረድ ግቢ መውጣት አለ። ስለዚህ «ክፍሉ ስንት ነው» ከማለትሽ በፊት «የቱ ክፍል ነው» በዪ። ዋጋው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊቱ ግን አንድ አይደለም።

መጠጥ ይዞ መግባት የለም። ያልተጋባ ወንድና ሴት አንድ ክፍል የማይሰጡ ቤቶች አሉ፣ እናንተን አይመለከትም። ማታ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሯቸው፤ ሳትገቡ በር አይቆለፍም፣ የቤቱ እናት ደግሞ ሳትገቡ አትተኛም። ይህን ለእናታችሁ ንገሯት። ፔንሲዮን ውስጥ ሳትገቡ ብታድሩ ማን ያውቃል? አክስቴ ቤት ግን 3 ሰዓት ካለፈ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚጠይቃችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። «እርስዎ» አትበዪን አቦ! ሐረርም ድሬም አባትም አያትም «አንተ» ነው። «እርስዎ» ካልሽ አክስቴ ዞራ ከኋላዋ ማን ቆሞ ነው ብላ ታያለች።

ባቡር ናፋቂ

ጉድ! ቁልቢን ጭራሽ አላሰብኩትም። ሥራ ቦታ ለምኜ ፈቃዱን ወደ ታኅሣሥ 4 አምጥቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለት ጥያቄ። የገና ጾም ላይ ነን፣ ጀጎል ውስጥ የጾም ምግብ ይገኛል? ሌላው፣ እህቴ የጅቡን ትርኢት ካላየሁ ትላለች። ማታ ነው አሉ። ታዲያ ጅቡ ከግንቡ ውጭ፣ እኛ ከግንቡ ውስጥ ከሆንን እንዴት ነው የምንመለሰው?

የጌይ ልጅ

ጅቡም ከግንቡ ውስጥ ነው።

እውነቴን ነው፣ አትደንግጪ። ግንቡ ላይ ለጅብ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ፣ ወራባ ኑዱል እንለዋለን። ሌሊት ገብተው የተጣለውን በልተው ይወጣሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ውሃ ልቀዳ ስወጣ መንገድ ላይ ተገናኝተን ጠጋ ብዬ አሳልፌዋለሁ። እንደ ጎረቤት ነው። ብቻ አትሩጡ፣ ፍላሽ ፊቱ ላይ አታብሩ። ትርኢቱ ፋላና በር በኩል ከሆነ ቤት ስትመርጡ ወደዚያ በር የሚቀርበውን ምረጡ፣ ሲጨልም መንገዱ ያጥርላችኋል። ወይ የቤቱን ልጅ አብሮን ይምጣ በሏት፣ ትልክላችኋለች።

ምግቡን በተመለከተ፣ ቀድማችሁ ንገሯት። «ሥጋ አንበላም» ብቻ ካላችሁ እንቁላል ይዛ ትመጣለች። «ወተትም እንቁላልም ቅቤም አንበላም» በሉ።

የመለዋወጫው ሰው

በያይነቱ ሸዋ በር በኩል ሞልቷል፣ በእግር ቅርብ ነው። ፈጢራን ያለ እንቁላል በማር አድርጉልን በሉ።

የጅቡን ነገር ግን እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በባጃጅ ነው የተመለስኩት። የጌይ ልጅ «ጎረቤት» ትበለው። እኔ እንደዚያ ያለ ጎረቤት የለኝም።

ባቡር ናፋቂ

ተመልሰናል! ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ባቡሩ ጥሩ ነበር፣ ግን እንደተባለው ሐረር ስንገባ ጨልሞ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ፔንሲዮን አደርን። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ገና ክፍል ሳያሳየን «ውሃ የመጣው መቼ ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሐረር ዘመድ አለሽ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ እውነቱን ነገረን፤ አራት ቀን ሆኖታል። ሮቶውን እህቴ አንኳኳችው። ከወገቡ በላይ ይጮሃል፣ ከወገቡ በታች ድፍን ነው። ለአንድ ሌሊት ይበቃል ብለን ያዝነው። ስፒከሩ ግን ደረሰብን፤ የጓሮ ክፍል አልነበረም።

በነጋታው ባዶ እጃችንን በሸዋ በር ገብተን አራት ቤት አየን። የመጀመሪያው በጣም ያምራል፣ ፎቶ ላይ ያየነው ራሱ ነው። ግን ከበጀታችን በላይ ነው፣ ባለቤቱም እኛን ሳይሆን ከኋላችን የቆሙትን ፈረንጆች ነበር የሚያየው። ሁለተኛው መታጠቢያው በር የለውም፣ መጋረጃ ነው። ሦስተኛው ላይ ስልኬን አብርቼ ፍራሹን ሳይ ልጁ ራሱ «ተዪው፣ አለ» አለኝ። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት።

አራተኛው በፈረስ መጋላ አደባባይና በፋላና በር መካከል ነው፣ መኪና ግርግርን አይተን ስንመለስ ያገኘነው። መኪና ግርግር ያልሄዳችሁ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው፤ ስሙም ከሲንጀሩ ድምፅ የመጣ ነው አሉን። በር የከፈቱልን አሮጊት ናቸው። «ነች» ልበል መሰለኝ፣ አሁንም አልለመድኩትም። ኪርታቱን ያዝን። ዋጋው ለሁለታችን ከቁርስ ጋር ካሰብነው በታች ሆነ፤ ግን የተከራከረችው እህቴ ናት፣ እኔ አፍሬ ነበር።

ያልጠበቅነው፣ አንደኛ፣ ብርዱ። ሐረር 1,800 ሜትር አልፎ ከፍ ያለ ከተማ መሆኑን ረስተን ለድሬዳዋ ሙቀት ነበር የለበስነው። ሁለት ጋቢ ጨመረችልን። ሁለተኛ፣ ሊነጋጋ ሲል ከዚህም ከዚያም አዛን ይነሳል፤ ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ ተብሏል፣ እኔ 82ቱንም የሰማሁ መስሎኛል። ትንሽ ቆይቶ ከፈረስ መጋላ የመድኃኔዓለም ቅዳሴ ይቀጥላል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ይህን ያስብበት። ለእኛ ግን ጥሩ ሆነ፤ 12 ሰዓት ላይ ተነስተን ከተማውን ባዶውን አየነው።

ሽንት ቤቱን አልዋሽም፣ ሌሊት ግቢ መውጣት ደስ አይልም። ለሁለት ሌሊት ይቻላል። ለሳምንት ቢሆን ፔንሲዮን እመለስ ነበር።

ቁርስ ላይ ከቡና ቅጠል ወይ ገለባ የሚፈላውን ሆጃ ያለ ወተት አደረገችልን። ያለ ወተት አስቀያሚ ነው ብላ ራሷ እየሳቀች ነው የቀዳችው። ትክክል ነበረች።

ጅቡን እህቴ በአፏ እንጨት ይዛ አብልታዋለች። እኔ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው ብዬ ራቅ አልኩ። ስንመለስ የቤቱ የልጅ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ ነው ያደረሰን። ማዕዘን ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ «ነይ» ይላል። ምን እንደሚያዳምጥ አልጠየቅኩትም።

በሁለተኛው ማታ እናታችን ስትደውል ስልኩን ለቤቱ እመቤት ሰጠኋት። 40 ደቂቃ አወሩ። ስለ እኛ አንድ ደቂቃ ይሆናል፣ የቀረው ስለ ጉልበት ሕመም ነው። አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ጭራሽ እናታችን «ሹዋሊድ የሚሉትን በዓል ልየው፣ ጋብዛኛለች» ብላ ተነስታለች። እኔም ልከተላት ነው፤ ግን የቤቱ እመቤት ቤቱ ያን ጊዜ በዘመድ ይሞላል ብላኛለች። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም ሲያልቅ ነው አይደል? በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ሰው በዝቷል ይላሉ። ያን ሰሞን አልጋ እንዴት ነው?

የጌይ ልጅ

እናትሽ ከቤቱ ሴቶች ጋር ነደባ ላይ ነው የምታድረው፣ እሷን ተያት። ለራስሽ አሁኑኑ ያዢ።

የመለዋወጫው ሰው

ካጣሽ ንገሪኝ። ጎማዎቹ አሁንም አሉ።